ወደ ጉባኤው የያዝኩት ጥቁር ድንጋይ

የጡረታ መታወቂያዬ ላይ የሥራ መደብ በሚለው ቦታ «የመጋዘን ሠራተኛ» ተብሎ ተጽፏል። ስህተት የለውም። የመጨረሻዎቹን ዓመታት አሶሳ ውስጥ ከአንድ መጋዘን በር ላይ ተቀምጬ አካፋና ጎማ በፊርማ ሳስረክብ ነው ያሳለፍኩት። ከዚያ በፊት ግን ናሙና ወሳጅ ነበርኩ። ከወንዝ ዳር አሸዋ፣ ከኮረብታ ድንጋይ እያነሳሁ፣ እያጠብኩ፣ እየፈጨሁና እየከፈልኩ ለላቦራቶሪ አዘጋጅ ነበር። በስንብቴ ዕለት ይህን ያነሳ ሰው አልነበረም። አዲሶቹ ሠራተኞች አያውቁትም። የሚያውቁት ሁለት ሦስት ሰዎች ደግሞ ለእኔ አዝነው ዝም አሉ።

ስሜ ይመር ነው። ቤተሰቤ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ ሲመጣ ጺሜ ገና ማቆጥቆጥ ጀምሮ ነበር። አባቴ ባምባሲ አጠገብ መሬት ተሰጠውና ማሽላና በቆሎ ማረስ ጀመረ። እኔ እርሻ አልሆነልኝም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ አንድ የማዕድን ፍለጋ ፕሮጀክት የቀን ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሰምቼ ሄድኩ። የመጀመሪያ ሥራዬ የናሙና ከረጢት መሸከም ነበር። ከረጢቱን የሚያሸክመኝ ሰው ሐምዳን ይባላል።

ጋሽ ሐምዳን የበርታ ሰው ነው። ትምህርት ቤት የገባው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ወርቅ ማጠብ ግን ከእናቱ የተማረው ገና በልጅነቱ ነበርና ጂኦሎጂስቶቹ ሁሉ እሱን ሳያስከትሉ ወንዝ አይወርዱም ነበር። አማርኛው የራሱ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ዓይነት ይጠራል፣ አንዳንዴ ስለ ራሱም እንደ ሌላ ሰው ያወራል፣ መሐል መሐል ላይ ዐረብኛ ጣል ያደርጋል። ሲያዝህ ግን ምን እንዳለ ግልጽ ነው።

ወደ ወንዝ ከመውረዱ በፊት ቀለበቱን አውልቆ ኪሱ ይከታል። አንድ ጊዜ ከቀለበት የተፋቀ ብናኝ የወርቅ ማጠቢያው ገበቴ ውስጥ ወርቅ ሆኖ ሲታይ አይቷል መሰለኝ። ገበቴውን ሦስት ጊዜ ያጥባል፤ ንጹሕ ቢሆንም ሦስት ጊዜ ነው። ከረጢቱ ላይ የቦታውን ስምና ቁጥር የሚጽፈው ናሙናው ከመግባቱ በፊት ነው፣ ባዶውን ይዞ። አሸዋውን ውኃ ውስጥ ሲያዞረው ትከሻው አይነቃነቅም፤ የሚሠራው አንጓው ብቻ ነው። ቀላሉ አሸዋ በገበቴው ከንፈር በኩል እየፈሰሰ ይሄድና መጨረሻ ላይ ጥቁሩ ይቀራል። ያን ጥቁር በጣቱ ይነካና ማግኔት ያስጠጋበታል። ማግኔት የሚስበው ብረት ነው። የማይስበውን ደግሞ አንድ ፍሬ አንሥቶ መዳፉ ላይ ያነጥረዋል። ቀለል ካለው ይጥለዋል። ከመጠኑ በላይ ከከበደው ዝም ብሎ በብልቃጥ ያስቀምጠዋል።

ከሁሉም በላይ አጥብቆ ያስተማረኝ ግን መክፈልን ነው። ከኮረብታ የመጣ የተፈጨ ድንጋይ ሸራ ላይ ይከመራል። ክምሩ በጣውላ ይደለደላል፤ በመስቀለኛ አራት ቦታ ይከፈላል። ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለቱ ይወሰዳሉ፣ ሁለቱ ይጣላሉ። የተወሰደው እንደገና ይከመራል፣ እንደገና ይከፈላል፤ ለአንድ ብልቃጥ የሚበቃ እስኪቀር ድረስ። በዚህ መንገድ የቀረችው ጥቂት አፈር ኮረብታው በሙሉ ምን እንደያዘ ትናገራለች። በእጅ የተመረጠ ድንጋይ ግን የሚናገረው ስለ መራጩ ፍላጎት ነው።

አንድ ጊዜ ካማሺ ተመድበን ሳለ፣ መንገዱ መኪና ስለማያስገባ ከረጢቱን በእግራችን ነበር የምናመላልሰው። ከአንድ ሸለቆ ስንመለስ አንዱ ከረጢት ላይ መንገድ ላይ ያገኘሁትን የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ጨመርኩበት። ማታ ሰፈር ደርሰን ጋሽ ሐምዳን ሲፈታው አየው።

«ይሄ ከየት?» አለኝ።

«ቆንጆ ስለሆነ ነው ጋሽ ሐምዳን። እዚያው አካባቢ ያገኘሁት ነው።»

«እኔ ቆንጆ አልጠየቀ፤ ቦታውን ነው የጠየቀ» አለና ከረጢቱን በሙሉ ገልብጦ ደፋው። በማግስቱ ያን ሁሉ መንገድ ተመልሼ አዲስ ናሙና ይዤ መጣሁ። አልተቆጣኝም። እስክመለስ ምሳዬን አስቀምጦልኝ ነበር።

በካማሺ፣ በቡለን፣ በአሶሳ ዙሪያ ከእሱ ጋር ብዙ ዓመት ሠራሁ። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ። አንዱ የውሎ አበል ወረቀት ካልተስተካከለ የማይፈርም፣ ሌላው ጫማው ጭቃ እንዳይነካው ከመኪና የማይወርድ ነበር። ጸጥታው ሲደፈርስ መንገድ እየተዘጋብን ወራት ያለ ሥራ የተቀመጥንበት ጊዜም አለ። ጋሽ ሐምዳን ዓይኑ መድከም ሲጀምር ጡረታ ወጣና መንደሩ ገባ። የናሙና ክፍሉ ለእኔ ቀረ። ሲሰናበት ለአዲሱ ሥራ አስኪያጅ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ይመር ከከፈለው፣ እኔ የከፈለው ነው።»

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ፍቅሩ ይባሉ ነበር። ከሌላ ክልል የመጡ ጂኦሎጂስት ናቸው፤ ክፉ ሰው አልነበሩም። ከጋሽ ሐምዳን መንደር በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ነጭ ድንጋይ ውስጥ የተሰገሰገ ጥቁር ከባድ ማዕድን ያገኙት እሳቸው ናቸው። ታንታለም ነበር። በስልክ፣ በኮምፒውተርና በመኪና ውስጥ ለሚገቡ ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች መሥሪያ የሚውል ብርቅ ብረት ነው። የመንደሩ ሰው ወሬውን ሲሰማ «የስልክ ድንጋይ» አለው።

በዚያው ዓመት ፕሮጀክቱ ሊዘጋ መሆኑ ተነገረን። አቶ ፍቅሩ ደግሞ በውጭ አገር በየጊዜው የሚደረግ፣ ብርቅ ብረት የሚያወጡ፣ የሚያቀልጡና ከእሱ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሠሩ ኩባንያዎች የሚገናኙበት ጉባኤ እንዳለ አወቁ። ደብዳቤ ጻፉ፣ ደጅ ጠኑ፣ ተፈቀደ።

«ገዢ ከተገኘ ፕሮጀክቱ ይተርፋል። ወደ መንደሩም መንገድ ይገባል» አሉኝ። «አንተም ትመጣለህ። ስለ ናሙናው ሲጠይቁኝ የሠራው ሰው አጠገቤ ይኑር።»

ሁለት ነገር አዘጋጀሁ። አንደኛው በጋሽ ሐምዳን ሥርዓት ከክምር የተከፈለ ናሙና፣ በታሸገ ከረጢት። ሁለተኛው ለእይታ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የመስታወት ብልቃጥ ነው። አቶ ፍቅሩ «ዓይን የሚይዝ ይሁን» ስላሉኝ፣ የተሰባበረውን ድንጋይ በትሪ ዘርግቼ ነጩን እየቀነስኩ ጥቁሩን እያበዛሁ ሞላሁት። በዚህ አላፍርም። ለእይታ ነበርና።

ከረጢቱ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ቀረ። እንዲህ ያለው ድንጋይ ትንሽ ጨረር ሊኖረው ስለሚችል የተለየ የጭነት ወረቀት ያስፈልገዋል አሉን። ወረቀቱ አልነበረንም። ብልቃጧ በእጅ ሻንጣዬ ውስጥ አለፈች። ከዚያ ኮረብታ ተነሥቶ ጉባኤው የደረሰ ነገር እሷ ብቻ ሆነች።

አዳራሹ ከአሶሳ ገበያ ይሰፋል። ሰው ሁሉ ስሙን አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፤ ሲያነጋግርህ መጀመሪያ የሚያየው ደረትህን ነው። የእኛን ካርድ አንብበው በትሕትና እየሳቁ ያልፉ ነበር። የዕቃ ሠሪዎቹ ጠረጴዛ ላይ አንዲት ሴት ምስር የምታህል ነገር በወረንጦ አንሥታ አሳየችኝ። ኤሌክትሪክ አጠራቅማ የምትለቅ ዕቃ ናት፣ ካፓሲተር የሚሏት። ውስጧ ያለው ዱቄት ታንታለም ነው። እኛ ከረጢት ተሸክመን ቁልቁለት የምንወርድለት ነገር መጨረሻው ይቺ ናት። መድረክ ላይ የሚወጡት ሁሉ የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ነበር። ድንጋዩ ከየት ጉድጓድ እንደወጣ፣ ማን እንዳወጣው፣ በማን በማን እጅ እንዳለፈ ካልታወቀ አንገዛም ይላሉ። አቶ ፍቅሩ ሲተረጉሙልኝ ጋሽ ሐምዳን ባዶ ከረጢት ላይ ስም ሲጽፍ ታየኝ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሽበታም ሰው ጠረጴዛችን ጋ ቆመ። የማቅለጫ ፋብሪካ ሰው ነው። እጁ እንደኛ እጅ ነበር፣ የተሰነጣጠቀ። ብልቃጧን ከፍቶ ጥቂት ፍርፋሪ መዳፉ ላይ አፈሰሰና አነጠረው። ከዚያ «ይህን ያዘጋጀው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። አቶ ፍቅሩ እኔን አሳዩት። ሰውየው ፊቱን ከእሳቸው መልሶ ወደ እኔ አዞረ።

አቶ ፍቅሩ ጥያቄውን ሳይቀንሱ ሳይጨምሩ ተረጎሙልኝ። «ከክምር የተከፈለ ነው ወይስ በእጅ የተመረጠ? ነው የሚለው።»

ዓይን አልጠቀሱኝም፣ አላስፈራሩኝም። ይህን የምጽፈው በእሳቸው እንዳይላከክ ነው። እውነቱን ብናገር ይተረጉሙት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለ ፕሮጀክቱ አሰብኩ። ስለ መንገዱም አሰብኩ። ግን ከሁለቱም በላይ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል እንደ ባለሙያ ያየኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። «የተመረጠ ነው» ብዬ ብነግረው ብልቃጧን አስቀምጦ እንደሌሎቹ ሊሄድ ነው።

«የተከፈለ ነው» አልኩ።

ራሱን ነቀነቀ። ከብልቃጧ ገሚሱን ለላቦራቶሪው ወሰደ፤ እጄንም ጨበጠ። አቶ ፍቅሩ ጠረጴዛውን ስናነሣም፣ ሆቴል ስንገባም፣ አውሮፕላን ውስጥም ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔም አልተናገርኩም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ውጤቱ በጣም ጥሩ ስለሆነ ባለሙያዎች መጥተው ቦታውን ያያሉ ይላል። ፕሮጀክቱ ተራዘመ። ወሬው ከአሶሳ እስከ መንደሩ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። ገዢዎቹ ሲመጡ የተዘጋጀ ድንጋይ ያለው ይቀድማል ተባለና፣ የመንደሩ ሰው ማንም ሳያዘው ኮረብታውን መቆፈር ጀመረ። ወርቅ የሚያጥቡት ሴቶች ሳይቀሩ ወንዙን ትተው ወጡ።

ሁኔታውን እንዳይ ተላክሁ። ሰዎቹ ነጩን ድንጋይ ከሥሩ እየቦረቦሩ፣ ከላዩ ያለውን አፈር እንደቆመ ትተውታል። የጋሽ ሐምዳን ልጅ ዘሐራም እዚያ ነበረች። ባሏ ሥራ ፍለጋ ወደ ሱዳን ተሻግሮ አልተመለሰም፤ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው ወርቅ አጥባ ነበር። ትንሽ ልጅ ሆና ትከሻዬ ላይ ተቀምጣ ወንዝ የተሻገረች ልጅ ናት። «አሚ ይመር» ትለኛለች፣ አጎቴ ማለቷ ነው።

«አሚ ይመር፣ ይሄ ድንጋይ እውነት ይገዛል?» አለችኝ። ፊቷ በነጭ አቧራ ተሸፍኖ ነበር።

«ባለሙያዎቹ ሊያዩት ይመጣሉ» አልኳት።

«አይተው ከሄዱስ?»

እዚያው ላይ ልነግራት እችል ነበር። በዚያ ኮረብታ ጥቁሩ ጥቂት ነው፣ ብልቃጡ ውስጥ የበዛው እኔ ስለመረጥኩት ነው፣ ወደ ወርቅሽ ተመለሺ ማለት ነበረብኝ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

«ግድግዳውን ቀጥ አድርጋችሁ አትቁረጡት» አልኳት። «አዘንብሉት። ዝናብ ከጣለ ደግሞ አትግቡ።»

«እሺ» አለች። ተመልሳ ወደ ጉድጓዱ ወረደች። እኔም የመሥሪያ ቤቱ መኪና ውስጥ ገብቼ፣ አደጋ እንዳለውና መቆም እንዳለበት ሪፖርት ጻፍኩ። ስለ ብልቃጡ በሪፖርቱ ውስጥ ምንም የለም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን በተከታታይ ዘነበ። በአራተኛው ቀን ፀሐይ ወጣ፤ ዝናቡ ቆሟል ብለው ገቡ። አፈሩ ግን ውኃ ጠጥቶ ከብዶ ነበር። ረፋዱ ላይ ግድግዳው ወረደ። ሌሎቹ ወጡ። ዘሐራ ከሥሩ ቦርቡራ ገብታ ስለነበር አልወጣችም።

ከአሶሳ ስደርስ ወንዶቹ በአካፋ እንዳይመቷት ፈርተው በእጃቸው ይቆፍሩ ነበር። እኔም ገባሁ። ምን ያህል እንደቆፈርን አላውቅም። ጋሽ ሐምዳን ከላይ ቆሞ ነበር። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ከሩቅ ስለማያይ፣ አጠገቡ ያለውን ሰው «ተገኘ?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ስትወጣ እጇ ውስጥ ምንም አልነበረም። ፊቷ አልተጎዳም። ልብሷን አስተካክዬ በነጠላዬ ሸፈንኳት።

ከቀብር መልስ ጋሽ ሐምዳን ጥግ ላይ ቆሜ አገኘኝ። በድምፄ ነው የለየኝ።

«ይመር፣ ደከመህ። ተቀመጥ» አለኝ። ውኃ አስመጣልኝ።

ያን ውኃ ጠጣሁት።

ባለሙያዎቹ ከአርባ ቀኑ በኋላ መጡ። ሁለት ወጣቶች ናቸው፤ ሽበታሙ ሰው አልመጣም። ናሙና ሲወስዱ ቆሜ አየሁ። ሸራ አነጠፉ፣ ከመሩ፣ ደለደሉ፣ በመስቀለኛ ከፈሉ፣ ሁለቱን ወሰዱ፣ ሁለቱን ጣሉ። ልክ ጋሽ ሐምዳን እንደሚያደርገው። መልሱን ደብዳቤው ሳይመጣም አውቀው ነበር። መጣ። ማዕድኑ አለ፤ ለማውጣት የሚበቃ ግን አይደለም። የቀድሞው ናሙናና ይህኛው ለምን ይህን ያህል እንደተለያዩ እንድናስረዳም ጠይቀዋል። አቶ ፍቅሩ ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«ምን ልመልስላቸው?» አሉኝ።

«በእጁ የመረጠው ይመር ነው ብለው ይጻፉ» አልኳቸው።

አልጻፉም። መልስ ሳይሰጥ ቀረ። ፕሮጀክቱ ተዘጋ፤ እሳቸው ወደ አገራቸው ተዛወሩ። እኔ መጋዘን ተመደብኩ። ቅጣት አይደለም፣ የተገኘው ክፍት ቦታ እሱ ስለነበር ነው። የመንደሩ ሰው በየቤቱ ደጃፍ ከምሮት የነበረውን ድንጋይ ማንም አልገዛውም። የቤት መሠረት ያደረጉበት አሉ።

በዚያ ሁሉ ዓመት ወደ ጋሽ ሐምዳን ቤት መሄዴን አላቋረጥኩም። የዘሐራን ልጆች የሚያሳድገው እሱ ነው። ስኳርና ሳሙና ይዤ እሄዳለሁ፣ የልጆቹን ደብተር አያለሁ፣ እሱ ስለ ድሮ ወንዞች ያወራኛል። ቸርነቱ እየበዛ ሲሄድ ጸጸቱ እየባሰብኝ ሄደ። ሚስቴ በሕይወት ሳለች «ንገረውና ይውጣልህ» ትለኝ ነበር። መሥሪያ ቤት እስካለሁ ነገ ነገ እያልኩ ገፋሁት። ጡረታ ስወጣ ነገ የምልበት ምክንያት አለቀብኝ።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሄድኩ። ከዛፉ ሥር አልጋ ላይ ተቀምጦ ነበር። ልጆቹ ከጓሮ ድምፃቸው ይሰማል። ከጎኑ ተቀመጥኩና ጊዜ ሳልሰጠው ተናገርኩ።

«ጋሽ ሐምዳን፣ ያ ወደ ጉባኤው የያዝኩት ናሙና የተከፈለ አልነበረም። በእጄ የመረጥኩት ነው። ሰውየው ሲጠይቀኝ የተከፈለ ነው አልኩት።»

የተስቢሑን ዶቃ ይቆጥር የነበረው ጣቱ ቆመ።

«ፍቅሩ አዘዘህ?» አለኝ።

«አላዘዙኝም። እኔው ነኝ።»

ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ይቅር ይለኛል ብዬም ተስፋ አድርጌ እንደነበር አልደብቅም። ሲናገር ድምፁ የተለመደው ድምፁ ነበር።

«ዘሐራ እኔን ጠየቀ» አለ። «‹አቡይ፣ ኮረብታ ልውጣ ወይስ ወርቄን ልጠብ?› አለ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት። ‹ናሙናውን ማን ከፈለው?› አልኩ። ‹ይመር› አለ። ‹ይመር ከከፈለው እውነት ነው፣ ሂድ› አልኩ።»

ይህን አላውቅም ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን አልነገረኝም። መሬት እያየሁ ተቀመጥኩ።

«እስከ ዛሬ አላህ ፈረደ ብዬ ነበር» አለ። «አሁን ሌላ ሆነ።»

«ጋሽ ሐምዳን...»

«ልጆቹ እንዳይሰማ። እነሱ አንተን ይወዳል።» ከዚያ እጁን ዘርግቶ ጉልበቴን ፈልጎ አገኘውና አንድ ጊዜ መታ መታ አደረገኝ። «አሁን ሂድ። ከእንግዲህ ደግሞ አትምጣ። ጠልቼ አይደለም፤ ወላሂ አልጠላም። ድምፅህን ስሰማ ግን ዘሐራ ‹ይመር› ሲል ይሰማኛል።»

ተነሣሁ። ልጆቹ ከጓሮ ሮጠው መጥተው ለምን ቶሎ እንደምሄድ ጠየቁኝ። ሥራ አለብኝ አልኳቸው። ትልቁ «ጡረታ ወጣሁ አላልክም?» አለኝ። ሳምኩትና ወደ አስፋልቱ ወጥቼ የአሶሳ ባጃጅ ጠበቅሁ።

ሚስቴ ከሞተች፣ መሥሪያ ቤትም ከቀረ ወዲህ ሰው ብዬ የምሄድበት ቤት ያ ብቻ ነበር። አሁን ዓርብም እንደ ሌላው ቀን ቤቴ እቀመጣለሁ።